የኮንፌዴሬት ጄኔራል ለደረሰው ተማሪ፦ የሎንግስትሪትን የቤት ሥራ እንዴት እንደሠራን

ደብረ ብርሃን አሥራ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ቤቴ ቦርጋርድ ጎዳና ዳር ነው፤ ሊፍት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ የሚሰማበት ሕንፃ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጎረቤት ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። እናቶቻቸው «ጋሼ፣ እባክዎ ይችን ልጅ ይዩልኝ» ይሉና ቡናውን ያቀራርባሉ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ያመጣችው ጥያቄ ቡናዬን አቀዘቀዘው። የታሪክ መምህሯ ለየተማሪው አንዳንድ የኮንፌዴሬት ጄኔራል አድሏል። ኮንፌዴሬት የሚባሉት ከአሜሪካ ተገንጥለው ከ1861 እስከ 1865 ከሰሜኑ ጋር የተዋጉትና የተሸነፉት፣ ባርነት የነበረባቸው የደቡብ ክፍላተ ሀገር ናቸው። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በፖለቲካ ምን ሠራ? ስለ ጦርነቱስ ምን አለ? ለእሷ የደረሳት ጄምስ ሎንግስትሪት ነው። «አጎቴ፣ አንዱ ጽሑፍ ከሀዲ ይለዋል፣ ሌላው ጀግና። የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ለሚደርሳቸው ልጆችና ማታ አብረዋቸው ለሚያመሹ ወላጆች ነው። ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ በራፉ ላይ ያለውን የመንገድ ታፔላ ያንብብ። አሌክሳንድሪያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባወጣችው ደንብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱ አዳዲስ ጎዳናዎች በተቻለ መጠን በኮንፌዴሬት የጦር መሪዎች ስም እንዲጠሩ አዝዛ ነበር፤ ደንቡ የተሻረው በ2014 ነው። ቫን ዶርን ብለን ሜትሮ የምንሳፈርበት፣ ፒኬት ብለን አቅጣጫ የምንጠቁምበት፣ ቦርጋርድ ብለን ኪራይ የምንከፍልበት ሁሉ ጄኔራል ነው።

አሠራሬን ያገኘሁት ከእንጀራዬ ነው። መኪና ሲገባ ማሽኑ ቲኬቱ ላይ ሰዓት ያትማል። አንዳንዴ ማሽኑ ይሰንፍና ሰዓት ሳያትም ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ነው፤ ሾፌሩ «አሥር ደቂቃ ነው የቆምኩት» ይላል፣ እኔ የሙሉ ቀን እጠይቃለሁ፣ ሁለታችንም ማስረጃ የለንም። ጄኔራሎችም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ልጅቷን የተጣሉ ቲኬቶች አንድ እፍኝ ሰጥቼ በጀርባቸው እንድትጽፍ አደረግሁ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ፤ ሰውየው ምን አለ ወይም ምን አደረገ፣ በስንት ቀን፣ በዚያን ቀን የማን እንጀራ ይበላ ነበር። ሦስቱ ያልተሟሉለት ቲኬት ወረቀቱ ውስጥ አይገባም።

ወደ ዋናው ሰው ከመግባታችሁ በፊት ቀላል በሆነው ተለማመዱ። የኮንፌዴሬቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ማርች 21 ቀን 1861 ሳቫና ላይ ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው፣ ባርነትም ተፈጥሯዊ ቦታው ነው አለ። ያኔ ያሸንፋሉ ብሎ ያምን ነበር። ከሽንፈት በኋላ፣ በ1868 እና በ1870 ባወጣቸው ሁለት ጥራዞች፣ ጠቡ የሕገ መንግሥትና የክፍላተ ሀገር ሥልጣን ጠብ ነበር ብሎ ጻፈ። ሰውየው ያው ነው፤ ሁለቱን ቲኬቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 የመገንጠሏን ምክንያት ያወጀችበትንም ሦስተኛ አድርጉበት፤ ሰሜኖቹ የኮበለሉ ባሪያዎቻችንን አይመልሱልንም የሚለው አቤቱታ እዚያው ተጽፏል። ከ1865 በኋላ ማንም ጄኔራል ስለ ጦርነቱ መነሻ ሲናገር የምትመዝኑት ከ1861 በፊትና በዚያው ዓመት ከተባለው ጋር ነው።

አሁን ሎንግስትሪት። ወጣትነቱን ቶሎ እለፉት፤ መምህሩ የጠየቀው ያንን አይደለም። በ1821 ተወለደ፣ በ1842 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ከ56 ተመራቂዎች 54ኛ ሆኖ ወጣ (የእህቴ ልጅ ይህንን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችው)። በኋላ የሰሜኑ ጦር አዛዥ የሆነው የዩሊሰስ ግራንት ወዳጅ ነበር፤ የግራንት ሚስትም የሥጋ ዘመዱ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የደቡቡን ዋና ጦር ከመራው ከሮበርት ሊ በታች ካሉት የጦር አዛዦች ዋናው እሱ ነበር፤ ሊ «አሮጌው የጦር ፈረሴ» ይለው ነበር። በሜይ 1864 በስህተት የራሱ ወገን ተኩሶ አንገቱንና ትከሻውን መታው፤ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ፣ ድምፁም ሻክሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ መጻፍን በግራ እጁ መማር ነበረበት።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኒው ኦርሊንስ ገብቶ የጥጥ ንግድ ጀመረ። ምሕረት ለመጠየቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ዘንድ ሄዶ እንደነበር በኋላ ጽፏል፤ ጆንሰን «ምሕረት ፈጽሞ የማያገኙ ሦስት ደቡቦች አሉ፤ ዴቪስ፣ ሊ እና አንተ» ብሎ መለሰው ይላል (ዴቪስ የኮንፌዴሬቱ ፕሬዚዳንት ነበር)። ይህ የሎንግስትሪት የራሱ ምስክርነት ነው፤ ቲኬቱ ላይ እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ። ምሕረቱን በ1868 የሰጠው ኮንግረስ ነው።

ዋናው ቲኬት የ1867ቱ ነው። በማርች 1867 ኮንግረስ ደቡብን በወታደራዊ አውራጃዎች ከፋፍሎ፣ ጥቁር ወንዶች የሚመርጡበት አዲስ ሕገ መንግሥት እስኪያወጡ ወደ ኅብረቱ አትመለሱም አላቸው። የኒው ኦርሊንስ ጋዜጣ ታዋቂ ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡ ጋበዘ። ሎንግስትሪት ጻፈ፤ ተሸንፈናል፣ የተሸናፊ ድርሻ የአሸናፊውን ሕግ መቀበል ነው፣ እንቀበል። በጁን ደግሞ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር መሥራት ይሻላል የሚል ሌላ ደብዳቤ ጨመረ። ያሳደገው አጎቱ ደብዳቤውን አይቶ «ካወጣኸው ያጠፋሃል» እንዳለው ይነገራል። ሊ እንዲደግፈው በደብዳቤ ለመነው፤ ሊ በትሕትና እምቢ አለ። የደቡብ ጋዜጦች ወረዱበት፣ የንግድ ደንበኞቹ ሸሹ። ስካላዋግ ተባለ፤ ከሪፐብሊካኖች ጋር የተሰለፈ ደቡባዊ ነጭ የሚሰደብበት ቃል ነው። ለእናቷ «ባንዳ ማለታቸው ነው» ብዬ አስረዳኋት፤ ወዲያው ገባት፣ እኔ ግን ወዲያው ጸጸተኝ። ባንዳ የሚባለው ወራሪ በአገር ላይ እያለ ለወራሪው ያደረ ነው፤ ይህ ሰው ደብዳቤውን የጻፈው እጅ ከሰጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ የፓርቲዎቹን ስም በዛሬ ጆሮ መስማት። ያኔ ሪፐብሊካን የሊንከን ፓርቲ ነው፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያመጣው። ዴሞክራት የደቡብ ነጮች ፓርቲ ነበር። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ረቂቋን በሙሉ በተገላቢጦሽ ጽፋ ነበርና አንድ ቅዳሜ ሄደበት።

ቀጥሎ የእንጀራው ጥያቄ። ግራንት በማርች 1869 ፕሬዚዳንት ሆኖ ቤተ መንግሥት በገባ በቀናት ውስጥ ሎንግስትሪትን የኒው ኦርሊንስ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ አድርጎ አጨው። ጠላቶቹ እስከ ዛሬ የሚሉት ይህንን ነው፤ ለሹመት ሲል ወገኑን ሸጠ። ቲኬቶቹን በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ደብዳቤው የ1867፣ ሹመቱ የ1869። በደብዳቤው ቀን ይበላ የነበረው የጥጥ ንግዱን እንጀራ ነው፤ ደብዳቤውም ያንን እንጀራ አሳጣው። ከ1869 በኋላ ላለው ንግግሩ ሁሉ ግን የመንግሥት ደሞዝተኛ መሆኑን አትርሱለት። ነገሩ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል።

ከዚያ የሉዊዚያና ሚሊሻ አዛዥ ሆነ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1874 ዋይት ሊግ የሚባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የታጠቁ ነጮች፣ ብዙዎቹ የቀድሞ የኮንፌዴሬት ወታደሮች፣ የሪፐብሊካኑን ገዥ ዊሊያም ፒት ኬሎግን ለመገልበጥ ካናል ጎዳና ላይ ወጡ። የገጠማቸው አብዛኛው ጥቁር የሆነ ሚሊሻና ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የከተማ ፖሊስ ነው፤ መሪው ሎንግስትሪት። ገዥው ጉምሩክ ሕንፃ ውስጥ ተደበቀ። ሎንግስትሪት ቆሰለ፣ ተማረከም። ከሦስት ቀን በኋላ ግራንት የፌዴራል ወታደር ልኮ ገዥውን መለሰው። እዚህ ላይ ልጆቹን ብዕር አስቀምጡ በሏቸውና አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኮንፌዴሬት ግራጫ ልብስ ያዘዛቸው ሰዎች ፊት፣ ጥቁር ወታደር አሰልፎ ሲቆም እነዚያ ሰዎች ምን ተሰማቸው? ቀጥሎ ለሚመጣው ክስ መልሱ እዚህ ነው።

ክሱ ጌቲስበርግ ነው፤ ሊ ጁላይ 1863 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተሸነፈበት የሦስት ቀን ውጊያ። ሊ በኦክቶበር 1870 ሞተ። በጃንዋሪ 1872 ጁባል ኧርሊ የተባለው ጄኔራል ሊ ባስተዳደረው ኮሌጅ ቆሞ፣ በጁላይ 2 ሎንግስትሪት ስለዘገየ ተሸነፍን አለ። በቀጣዩ ዓመት የሊ የመድፍ አዛዥ የነበረው ዊሊያም ፔንድልተን ጨመረበት፤ ሊ ጎህ ሲቀድ ግጠም ብሎ አዝዞት ነበር አለ። ሎንግስትሪት ለሊ የቀድሞ ረዳት መኮንኖች ጻፈ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አናውቅም ብለው መለሱለት። ሊ ራሱ ሎንግስትሪትን በጌቲስበርግ ምክንያት ከአዛዥነቱ አላነሳውም።

ስለዚህ ከሳሾቹንም ቲኬት ቁረጡላቸው። ኧርሊ ጌቲስበርግ ላይ የመጀመሪያው ቀን ዕድል ካመለጣቸው አዛዦች አንዱ ነው ተብሎ የሚወቀስ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ አገር ጥሎ ሜክሲኮና ካናዳ ኖሮ ተመለሰ፣ ዘመኑን ሙሉም ሽንፈትን አልተቀበለም። ከ1877 ጀምሮ እንጀራው የሉዊዚያና ሎተሪ ነበር፤ ዕጣ ሲወጣ መድረክ ላይ ተቀምጦ ለታማኝነቱ ስሙን የሚያውስ። አብሮት የሚቀመጠው ማን መሰላችሁ? ቦርጋርድ፣ የእኛ ጎዳና። እሱ ደግሞ በ1873 ሉዊዚያና ውስጥ ጥቁርና ነጭ እኩል መብት ይኑራቸው የሚል እንቅስቃሴ ውስጥ ገብቶ የነበረ ሰው ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ኪራዩን ስከፍል ትንሽ ቀለለኝ።

ዕለቱን ተመልከቱ፤ ዘገየ የሚለው ከባድ የአደባባይ ክስ የመጣው ከጌቲስበርግ ውጊያ ዘጠኝ ዓመት ግድም፣ ከ1867ቱ ደብዳቤ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሊ ከተቀበረ በኋላ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኔ እንደማምነው ሎንግስትሪትን የጣለው ጌቲስበርግ አይደለም፣ ኒው ኦርሊንስ ነው።

ልጆቹ ግን ጠበቃ እንዳይሆኑለት ያዙዋቸው፤ የእህቴ ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠበቃው ሆና ነበር። በጁላይ 2 ጥቃቱ የተጀመረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ዕቅዱን አልወደደውም፤ ወታደሮቹ ጠላት እንዳያያቸው መንገድ ቀይረው ሲመለሱ ሰዓቶች ባክነዋል። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ራሱን ሲከላከልም አበዛው። በ1877 በፊላደልፊያ ጋዜጣ መጻፍ ጀመረ፤ ሊ ተሳስቷል፣ እኔ ነግሬው ነበር አለ። በእኛ አነጋገር ሙት ወቃሽ ሆነ። ደቡብ ሊን እንደ ጻድቅ በሚያይበት ሰዓት ሙት መውቀስ ለጠላቶቹ በር ከፈተላቸው። በ1889 ቤቱ ተቃጥሎ ወረቀቶቹ ጠፉ፤ በ1896 ወደ 700 ገጽ የሚጠጋ ማስታወሻ ሲያሳትም የተናደደ የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ነው።

ለምሳሌ ሁሉም የሚጠቅሰው ንግግር አለ፤ ከመጨረሻው ቀን ጥቃት በፊት ለሊ «ያንን ቦታ የሚይዝ አሥራ አምስት ሺህ ሰው አልተፈጠረም» አለው የሚባለው። ቲኬቱ ላይ ጁላይ 3፣ 1863 ብላችሁ እንዳትጽፉ። የነገረን እሱ ራሱ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ከተከሰሰ በኋላ። እውነት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ግን የዚያን ቀን ሰዓት አይደለም።

ጻድቅም እንዳታደርጉት። በጁላይ 1867 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ካገኙ ድምፃቸው እንዳይጎዳን እኛ ልንመራው ይገባል የሚል ሐሳብ አለ። የመጀመሪያው ስሌቱ ይህ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን እነዚያኑ መራጮች ከሚያስፈራሩ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመ። ሁለቱም ቲኬቶች ወረቀቱ ውስጥ ይግቡ፤ ልጅቷ አንዱን ልታወጣው ስትል እጇን ያዝኳት።

የቀረው ሥራው በፍጥነት የሚነገር ነው። ወደ ጌይንስቪል፣ ጆርጂያ ተመለሰ፣ ሆቴል ከፈተ። በ1880 ወደ ኦቶማን መንግሥት የአሜሪካ መልእክተኛ (ያኔ ሚኒስትር ይባላል) ሆኖ ቁስጥንጥንያ ሄደ፤ በ1881 ተመልሶ በጆርጂያ የፌዴራል ማርሻል፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሆነ። በሜይ 1886 አትላንታ ውስጥ ሐውልት ሲመረቅ፣ ሳይጋበዝ የድሮ ልብሱን ለብሶ በፈረስ መጣ፤ የኮንፌዴሬቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስ አቀፈው፣ ሕዝቡም ጮኸ። ወታደሮቹ ይወዱት ነበር፤ ስሙን የያዙት ደግሞ ጸሐፊዎቹ ነበሩ። ከ1897 ጀምሮ እስኪሞት የፌዴራል የባቡር ሐዲድ ኮሚሽነር ነበር። ከእሱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ዌድ ሃምፕተን ነው፣ በ1876 የሪፐብሊካኖችን አገዛዝ ከሳውዝ ካሮላይና አስወግዶ ገዥ የሆነው። ሃምፕተን ያንን ወንበር ሲይዝ ከሀዲ ያለው የለም።

ማነጻጸሪያ አንድ ሰው ጨምሩ፤ ጆን ጎርደንን እመክራለሁ። በ1873 ሴኔት ገባ፣ ከ1886 እስከ 1890 የጆርጂያ ገዥ፣ ከዚያ እንደገና ሴናተር፣ ከ1890 ጀምሮም የኮንፌዴሬት አርበኞች ማኅበር ሊቀ መንበር። ሎንግስትሪት ጃንዋሪ 2 ቀን 1904 ሞተ፣ ጎርደን ጃንዋሪ 9። የሳቫና የኮንፌዴሬት ሴት ልጆች ማኅበር ለሎንግስትሪት አበባ አንልክም ብሎ ወሰነ።

ጥንት የታተሙ ጋዜጦችን ለማየት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ በነፃ ክፍት ነው። ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ከፈለጋችሁ ትሰምጣላችሁ፤ ዓመቱን 1867 ብላችሁ አጥብቡ፣ ከዚያ 1874። ለልጅቷ ከማንም መጽሐፍ በላይ የጠቀማት በዚያ ሳምንት የታተመ ስድብ ነው።

ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጌቲስበርግ ሂዱ። ከአሌክሳንድሪያ በፍሬድሪክ በኩል ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ የጦር ሜዳው መግቢያ አይከፈልበትም። በዌስት ኮንፌዴሬት አቬኑ ስትገቡ መጀመሪያ የቨርጂኒያን ሐውልት ታገኛላችሁ፤ በ1917 የተመረቀ፣ 41 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ሊ ከላይ በፈረስ። ወደ ደቡብ ቀጥሉ። ፒትዘር ዉድስ ስትደርሱ መኪናውን አቁሙና ዛፎቹ መካከል ግቡ። ሎንግስትሪት እዚያ ነው፤ የቆመው በ1998 ነው፣ ከሞተ ከዘጠና አራት ዓመት በኋላ። ሚስቱ ሄለን ሐውልቱን ለማቆም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሞክራ አልሆነላትም። መደብ የለውም፤ ፈረሱ መሬት ላይ ነው፣ ጎብኚዎችም ፈረሱ አነሰ ብለው ይስቁበታል። የእህቴ ልጅ እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ነካችው። ኒው ኦርሊንስ ላይ የዋይት ሊግ ሐውልት በ1891 እንደቆመ፣ በ1932 የነጭ የበላይነትን የሚያወድስ ጽሑፍ እንደተጨመረበት፣ በኤፕሪል 2017 ሌሊት ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች እንዳነሱት የነገርኳት እዚያው ቆመን ነው። ለሐውልትም ቲኬት ይቆረጥለታል፤ ማን አቆመው፣ መቼ፣ በማን ገንዘብ።

ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የብረት ማማ አለ። ደረጃው ብዙ ነውና እናቶችን አታስገድዱ፤ እህቴ ግማሹ ላይ ቀርታ ቴርሞሱን ከፈተች። አሥር ሰዓት ላይ፣ የጁላይ 2 ጥቃት በተጀመረበት ሰዓት፣ ከላይ ሁኑ። ምሥራቁን አይታችሁ ልጁን ከዛፎቹ እስከ ኮረብታው ያለውን ሜዳ በዓይኑ እንዲለካ አድርጉት። በጁላይ ከሄዳችሁ ውኃና ባርኔጣ ያዙ።